ለከሚሴ ግቢ የትኛው ይሻላል? የጀርመን ውሻ ወይስ የሐበሻ ውሻ?

የዛሬው ርዕሴ ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ሊመስል ይችላል። "አገሩ ስንት ጉዳይ እያለበት የውሻ ነገር ምን ያስጽፋል?" የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔ ግን ጋዜጠኝነት የምንማረው ሰው በየቤቱ የሚከራከርበትን ነገር ወደ አደባባይ ለማውጣት ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ። በኛ በከሚሴ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በየግቢው የሚሰማ ክርክር አለ። "ውሻ እናስገባ" የሚለው ላይ ሰው ይስማማል። "የቱን? ጀርመኑን ወይስ ሐበሻውን?" ሲባል ግን ቤቱ ለሁለት ይከፈላል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ለአብዛኛው የከሚሴ ቤተሰብ የሚስማማው የሐበሻ ውሻ ነው። ይህን የምለው "የአገር ነገር ሁሉ ይበልጣል" ከሚል ስሜት ተነስቼ አይደለም። የጀርመኑ ውሻ የሚሻልበት ቤት እንዳለም እመሰክራለሁ። ምክንያቶቼን በየተራ ላስቀምጥና ፍርዱን ለናንተ ልተው።

ከሚሴን ለማታውቋት በአጭሩ ላስተዋውቃችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። የቦርከና ወንዝና የጨፋ ረግረግ ጎረቤቶቿ ናቸው። ከተማዋ ሞቃት ናት። በዙሪያዋ ያለው ገበሬ ከብትና ፍየል ያረባል፣ ሌሊት ደግሞ ጅብ ይጮኻል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከኛ ሲደርስ ብዙ ሰው ቤቱን ዘግቶ ወጣ። ሲመለስ ቤቱን እንደተወው ያላገኘ አለ። ከዚያ ወዲህ በኛ ሰፈር የአጥሩ ቆርቆሮ ከፍ አለ፣ የበሩ ቁልፍ በዛ፣ "ውሻ ያስፈልጋል" የሚለው ወሬም በዛ። ስለዚህ የኛን ክርክር እንደ ፋሽን አትዩት። ከፍርሃት የመጣ ነው። ሰው ሲፈራ ደግሞ ትልቁንና የሚያስፈራውን መምረጥ ይቀናዋል።

በኛም ቤት ክርክሩ አለ። አባዬ የጀርመን ውሻ ካልሆነ ይላል። "ሌባ የቆመ ጆሮውን ብቻ አይቶ ይመለሳል" ነው ክርክሩ። እማዬ ደግሞ "ሌባው ሳይመጣ የጎረቤት ልጅ ይነከስና ከሰው ጋር ያጣላናል" ትላለች። አያቴ በበኩላቸው ሁለቱንም እያዩ ይስቃሉ። በሳቸው ልጅነት "ሰሬ" (ውሻን በኦሮምኛ እንዲህ ነው የሚሉት) ከበረቱ ጋር የሚያድር፣ ከብቱ ሲሄድ የሚሄድ እንጂ በገንዘብ የሚገዛ ነገር አልነበረም። "ውሻ ተገዛ ሲባል በናንተ ዘመን ሰማሁ" ይሉናል።

የሚገርመው ነገር ጀርመን ሼፐርድ የምንለው ውሻም መነሻው ከአያቴ ውሻ ብዙ አይርቅም። ስሙ ራሱ "የጀርመን እረኛ" ማለት ነው። ማክስ ፎን ሽቴፋኒትዝ የተባለ የፈረሰኛ ጦር መኮንን እ.ኤ.አ. በ1899 አንድ ውሻ ገዝቶ፣ ማኅበር መሥርቶ፣ እየመረጠ ማዳቀል ጀመረ። ዛሬ የምናየው ውሻ ከዚያ የመጣ ነው። የፋብሪካ ሥራ እየበዛ የበግ ጥበቃው ሲቀንስ ውሻው ወደ ፖሊስና ወደ ጦር ሠራዊት ተዛወረ። እንግዲህ ይህ ውሻ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ሆኖ እንዲሠራና ትእዛዝ እንዲቀበል ተመርጦ የተዳቀለ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የሐበሻው ውሻ ደግሞ ማኅበርም መዝገብም የለውም። ማንም ቁጭ ብሎ አልመረጠውም። የመረጠው ኑሮው ነው። ሙቀቱን፣ ረሃቡን፣ ጅቡንና በሽታውን ያለፈው ወለደ፣ ያላለፈው ቀረ። ቡላ ይሁን ጥቁር፣ ጆሮው ይቁም ይውደቅ ለማንም ግድ አልሰጠውም። የተረፈው ግን ለዚህ አገር የሚሆነው ነው።

አሁን ወደ ንጽጽሩ እንግባ።

አንደኛው ነገር ሙቀቱና ቀለቡ ነው። ጀርመን ሼፐርድ ድርብ ጸጉር አለው፤ ከላይ ረዘም ያለ፣ ከሥር ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ። ለጀርመን ክረምት ግሩም ነው። በሚያዝያና በግንቦት የከሚሴ ፀሐይ፣ በቆርቆሮ አጥር ሥር በሰንሰለት ታስሮ ለሚውል ውሻ ግን ስቃይ ነው። ውሻ እንደኛ በላብ አይቀዘቅዝም። የሚቀዘቅዘው ምላሱን አውጥቶ እያለከለከ ነው። ጥላና ብዙ ውኃ ካላገኘ በሙቀት ሊሞት ይችላል። ወንዱ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል። የቤቱ የእንጀራ ፍርፋሪ እሱን አይሞላውም፤ ሥጋ ይፈልጋል፣ አጥንትም ከሉካንዳ መለመን አለ። የሐበሻው ብዙውን ጊዜ ክብደቱ የዚያ ግማሽ ቢሆን ነው፤ ጸጉሩም አጭር ነው። ቤቱ የበላውን ይበላል፣ ጥላውንም ራሱ ይፈልጋል። ይህን ስል ግን "የሐበሻ ውሻ ስለሆነ ምንም አይሰጠው" ማለቴ እንዳይመስላችሁ።

ሁለተኛው የቤታችን ሥርዓት ነው። አብዛኛው የከሚሴ ቤተሰብ ሙስሊም ነው። በሃይማኖታችን ውሻን ለጥበቃ፣ ለከብትና ለአደን መያዝ ይፈቀዳል፤ ለመዝናናት ብቻ ቤት ማስገባት ግን አይወደድም። በወሎ ብዙ ሰው የሚከተለው የሻፊዒ መዝሐብ ደግሞ የውሻ ምራቅ የነካውን ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ማጠብ ያዛል። ስለዚህ ውሻችን ከበር ውጭ የሚኖር፣ ከመስገጃውና ከወጥ ቤቱ የሚርቅ ነው። ይህ ለውሻ ንቀት አይደለም። የዋሻዎቹን ሰዎች ታሪክ የምታውቁ ውሻቸው የት እንደተኛ ታስታውሳላችሁ፤ መግቢያው ላይ ነው። ለተጠማ ውሻ ውኃ ቀድቶ ስላጠጣውና ስለተማረው ሰውም ከልጅነታችን ጀምሮ የተነገረን ነው። ዋናው ነጥብ ይኼ ነው፦ የሐበሻው ውሻ በር ላይ መኖርን ያውቅበታል። የጀርመኑ ውሻ ግን፣ ቅድም ያዙልኝ እንዳልኳችሁ፣ ከሰው ጋር ውሎ እንዲሠራ የተዳቀለ ነው። ሰው የማያጫውተው፣ የማያለማምደው፣ ሥራ የማይሰጠው ከሆነ ይሰለቻል። የሰለቸ ጀርመን ሼፐርድ ይቆፍራል፣ ያላዝናል፣ አንዳንዱም ያገኘውን መናከስ ይጀምራል። እኛ ደግሞ በሥርዓታችን ቤት አናስገባውም። ታዲያ ለምን እናምጣው?

ሦስተኛው እንግዳና ልጅ ነው። የከሚሴ ግቢ በሩ ተዘግቶ አይውልም። ጎረቤት ለቡና ይመጣል፣ ዘመድ ከገጠር በገበያ ቀን ያድራል፣ በግቢው ውስጥ ተከራይ አለ፣ ልጅ ኳስ ተከትሎ ዘሎ ይገባል። በዚህ ግቢ ያልሠለጠነ ትልቅ ውሻ ማሰር ማለት ወይ እንግዳ መቅረት ነው፣ ወይ ሰው መነከስ ነው። ሕጉንም አትርሱ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። "ሳላየው አመለጠኝ" ማለትም አያድንም። ከሕጉ በላይ ደግሞ ጉርብትናው አለ። በኛ አገር በጉርብትና የመጣ ቂም በፍርድ ቤት ካሳ ብቻ አይሽርም።

አራተኛው ሥራው ነው። ከውሻ የምንፈልገው ምንድን ነው? እንዲነክስልን ነው ወይስ እንዲነግረን? እኔ እንዲነግረን ነው እላለሁ። ሌባም ሆነ ጅብ ሲመጣ ቤተሰቡ ከነቃ፣ መብራት ከበራ፣ ጎረቤት ከተጣራ ሥራው አልቋል። በዚህ በኩል የሐበሻው ውሻ የዜና ወኪል በሉት። አንዱ ከመስጊዱ በኩል ሲጀምር የታችኛው ሰፈር ይቀበለዋል፣ ከዚያ የወንዙ ዳር ይቀጥላል። (ሳያጣሩ የሚቀባበሉም አሉ፤ ይኼ እንኳ በኛም ሙያ ያለ ነው!) አንድ ግቢ ውስጥ ብቻውን ከታሰረ ጌጠኛ ውሻ ይልቅ ሰፈሩን የሚያውቅ፣ ሰፈሩም የሚያውቀው ውሻ ይበልጥ ይጠብቃል።

አንዳንድ ወዳጆቼ በዚህ አይስማሙም። "የሐበሻ ውሻ በቁራሽ አጥንት ይታለላል፣ ሌባውን ጭራውን እየቆላ ነው የሚቀበለው" ይላሉ። እውነት ነው፣ እንዲህ ያለ ውሻ አለ። ግን ጠጋ ብላችሁ ያንን ውሻ እዩት። የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። የራበው ውሻ ለሰጠው ሁሉ ወዳጅ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል አልሰማችሁም? በሌባ እጅ እየበላ በኛ በር እንዲጮህልን መጠበቃችን ነው የሚያስገርመው። ጀርመኑንም ሳምንት አስርቡት፣ እሱም ጭራውን ይቆላል።

አምስተኛው ገበያው ነው፤ ይህቺ ነጥብ በተለይ ለትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች ናት። ዛሬ በቴሌግራም "ኦርጅናል ጀርመን፣ ንጹሕ ዘር" የሚል ማስታወቂያ ከነፎቶው ሞልቷል። በኛ ሰፈር አንድ ሰው በበርካታ ፍየል ዋጋ አንድ ቡችላ በደላላ አስመጣ። ስድስት ወር ሲሞላው ጆሮው ወደቀ፣ ጸጉሩ አጠረ፣ ቁርጥ የሰፈራችን ቡቺ ሆኖ ዐረፈው። ሰውዬው ተናደደ። እኔ ግን የገረመኝ አንድ እንኳ ጥያቄ አለመጠየቁ ነው። እናቱ የታለች? አባቱስ? የት ተወለደ? ክትባት ወስዷል? ካርዱን አሳየኝ? ዜና ስንሠራ ምንጭ እናጣራለን፣ ሁለተኛ ወገን እንጠይቃለን አይደል? ውሻ ሲገዛም እንደዚያው ነው። እናቱን ያላሳየህን ሻጭ አትመን። በነገራችን ላይ ያ ቡቺ ዛሬ ጎበዝ ዘበኛ ወጥቶታል። የተጎዳው ኪስ ብቻ ነው።

እንግዲህ ለጀርመኑም ልፍረድለት። ብልህ ውሻ ነው፣ ቶሎ ይማራል፣ ከለመደው ሰው ጋር እስከ ሞት ነው። በየአገሩ ፖሊስ የሚጠቀምበት በከንቱ አይደለም። ሰፊ ግቢ፣ ጥላ፣ ለቀለቡና ለሐኪሙ የማይቸገር ገንዘብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በየቀኑ ጊዜ ሰጥቶ የሚያለማምደው አንድ ሰው ካለ ይምጣ። በአስፋልቱ ዳር መጋዘን ወይም ጋራዥ ያለው፣ ቋሚ ዘበኛ የቀጠረ ነጋዴ ቢይዘው አይፈረድበትም። ሲገዛ ግን የኋላ ዳሌው ደህና መሆኑን ያስመርምር፤ ይህ ዝርያ የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ያጠቃዋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የሚባል ትንሽዬ ውሻ እንደነበራቸው ይታወቃል። ንጉሠ ነገሥቱ ትልቅ ውሻ አጥተው ይመስላችኋል? ክቡር ዘበኛ እያላቸው ትልቅ ውሻ ምን ያደርግላቸዋል! ለቤታቸው የሚሆነውን ያዙ። እኛም ለቤታችን የሚሆነውን እንያዝ ነው የምለው።

እዚህ ላይ ከልቤ የምናገረው አንድ ነገር አለ። "ዘሩ ምንድን ነው?" የምትለው ጥያቄ በኛ አካባቢ ለውሻ ብቻ አልተጠየቀችም። ያየነውን አይተናል። ታዲያ በውሻው ገበያ ስውል የታዘብኩት ይኼ ነው፦ ሰው ዘሩን ከጠየቀ በኋላ ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ያቆማል። "ጀርመን ነው" ከተባለ ጎበዝ ነው፣ "ሐበሻ ነው" ከተባለ ሌባ ነው፤ አለቀ። ማን አሳደገው፣ ምን በላ፣ ተመታ ወይስ ተወደደ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ውሻ እንኳ በዘሩ ብቻ አይታወቅም። ከአንድ እናት የተወለዱ ሁለት ቡችሎች አንዱ የልጆች ጓደኛ፣ አንዱ ተናካሽ ሲሆኑ አይተናል። ለውሻ ይህን ያህል ማሰብ ከተቻለ ለሰው ደግሞ ምን ያህል ይገባ ነበር? በዚህ ልለፈው።

አሁን ከዘሩ በላይ ወደሚበልጠው ነገር ልምጣ። በኔ እምነት "ጀርመን ወይስ ሐበሻ" ከሚለው በፊት "ተከትቧል ወይስ አልተከተበም" የሚለው መቅደም ነበረበት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ በዓመት 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል ብሎ ይገምታል። በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው 100 አጋጣሚዎች 99ኙ በውሻ አማካይነት ነው። ከሚነከሱት መካከል ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 የዘጠኝ ዓመቱን ጆሴፍ ማይስተርን በክትባት ካዳነ ከ140 ዓመት በኋላ ሰው በዚህ በሽታ መሞቱ ያሳዝናል። በኛ አካባቢ ደግሞ ልጅ ሲነከስ መጀመሪያ ወደ ባህል መድኃኒት የሚሮጥ ሰው ጥቂት አይደለም። እባካችሁ ይህን ለቤተሰባችሁ ንገሩልኝ፦ የተነከሰ ሰው ወዲያውኑ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ቁስሉ ትንሽ ነው፣ ውሻው የሰፈራችን ነው ተብሎ አይታደር። ቡችላ ደግሞ ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ ክትባት ይከተብ፣ በየጊዜውም ይታደስለት። በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው ስርጭቱ ይቋረጣል ይላሉ ባለሙያዎቹ። ይህ የአንድ ቤት ሥራ አይደለም። የሰፈር ሥራ ነው።

ሁለተኛዋ ምክሬ ለአረፋ ናት። በአረፋ ቀን በየግቢው ይታረዳል። ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ሲገኝ "ለውሻ ጣሉለት" እንላለን። ያ ከረጢት የጥገኛ ትል ልጅ ነው። ውሻው ሲበላው በአንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ በእጅና በአትክልት አድርጎ ወደ ልጆቻችን ይገባል፣ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይም ያንኑ ከረጢት ይሠራል። ይህን ጀርመንም ሐበሻም ሳይል ሁሉም ውሻ ያስተላልፈዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሥጋ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ውሻውም የትል መድኃኒት በየጊዜው ይሰጠው።

ለማጠቃለል ያህል፦ ገጠር ከብት ያለው ሰው ከጎረቤቱ በረት ከጎበዝ እናት የተወለደ የሐበሻ ቡችላ ይያዝ። ከተማ ውስጥ ልጅ፣ ተከራይና እንግዳ የሚበዛበት ግቢ ያለውም የሐበሻውን ይያዝ፤ ቀን አስሮ ማታ ይፍታው፣ ይቀልበው፣ ያስከትበው። ሰፊ ቦታ፣ ገንዘብና ጊዜ ያለው ብቻ ጀርመኑን ያምጣ። ከሦስቱ አንዱን ማሟላት የማይችል ደግሞ ምንም ባይዝ ይሻላል፤ ውሻ የሌለው ግቢ የተራበ ውሻ ካለው ግቢ ያነሰ አይደለም። አባዬ እስካሁን አልተረታልኝም። ባለፈው ሳምንት ስደውል ግን "እናቱን ካላሳየኝ አልገዛም ብዬ ደላላውን መለስኩት" ብሎኛል። ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል። የኛ አጥር የተቀደደው ባልተከተበውና ባልተቀለበው ውሻ በኩል ነው። እሱን እንድፈን፣ የዘሩን ነገር ከዚያ በኋላ እናወራለን። የማትስማሙ ካላችሁ ብዕራችሁን አንሱ፣ በሚቀጥለው ዕትም እንገናኝ። ቸር ሰንብቱ!